የቀይ ቀለም ቦታ

መሪጌታ ወልደአረጋይ ያልጨረሱት መጽሐፍ ከነማኅደሩ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ ሦስተኛ ክረምቱ አልፏል። ሚስታቸው አስካለማርያም ቤት በለቀለቀች ቁጥር ታወርደዋለች፤ ቆዳውን በጨርቅ ትወለውልና መልሳ ትሰቅለዋለች። እሳቸው ግን ለዚያ ግድግዳ ጀርባቸውን ሰጥተው መቀመጥ ለምደዋል።

መሪጌታ የአንኮበር ቁም ጸሐፊ ነበሩ። አጻጻፋቸው እንደ አባታቸው ነበር። በጥቁሩ ቀለም መስመሩን እየሞሉ ይሄዱና ቅዱስ ስም የሚገባበት ላይ ሲደርሱ ለስሙ የሚበቃ ባዶ ቦታ ትተው ያልፋሉ። ጥራዙ ሁሉ በጥቁር ሲያልቅ ያንን ብርዕ ያስቀምጣሉ፤ ሌላ መቃ ይቀርጻሉ፤ ቀዩን ቀለም ይበጠብጣሉ። ከዚያ ከመጀመሪያው ገጽ ተነስተው ስሞቹን አንድ በአንድ በየቦታቸው ያስገባሉ። ቀዩ የሚጻፍበትን ቀን ከሥራው ሁሉ አስበልጠው ይወዱት ነበር። ያን ቀን ቤት ውስጥ ድምፅ አይሰማም፤ አስካለማርያም እንኳ በር ላይ የመጣውን እንግዳ በእጇ ምልክት ትመልሰዋለች።

የመጨረሻው መጽሐፍ ጥቁሩ አልቆ ቀዩ ገና ሳይጀመር ቀረ። አንድ ማለዳ መሪጌታ ደጅ ወጥተው የወይራ ግንድ ሲፈልጡ ስንጥር ተስፈንጥሮ ቀኝ ዓይናቸውን ወጋው። ዓይኑ ጠፋ።

ያን ሰሞን ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ፣ «አንዱ ይበቃዎታል መሪጌታ፤ እግዜር ሁለት የሰጠን ለዚህ አይደል?» እያለ አጽናናቸው። እሳቸውም አመኑ። ፋሻው የተፈታ ዕለት ብራናውን በጉልበታቸው ዘርግተው፣ ቀዩን ቀለም አስቀርበው፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ገጹ ላይ ግን የታያቸው ጉም ነበር። ከአፋፉ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩት ቆላውን እንደሚሸፍነው ያለ፣ ነጭም ጥቁርም ያልሆነ ጉም። ፊደል የለም። መስመር የለም።

የግራ ዓይናቸው ቁስል አልነበረበትም፤ እንደ ብርሌ የጠራ ነው። ችግሩም ይኸው ሆነ። ሰው አላመናቸውም። የደብሩ አለቃ ገብረጻድቅ በአንድ የማኅበር ቀን ጠላ ይዘው፣ «መሪጌታ፣ ዓይንዎማ ደኅና ነው፤ ስንፍናው ነው እንጂ» ብለው ሲቀልዱ ሰው ሁሉ ሳቀ። መሪጌታም አብረው ሳቁ። ያን ዕለት ማታ ግን እራት አልበሉም።

እየቆየ ገባቸው። ግራ ዓይናቸው የዚያን ቀን አልጠፋም፤ ዱሮውንም ፊደል ለይቶ አያውቅም ነበር። ሰው ሁለት ዓይን እያለው አንዱን ጨፍኖ ሌላውን አይመረምርም፤ እሳቸውም በዕድሜያቸው አንድ ቀን መርምረውት አያውቁም። እናታቸው በሕይወት ሳሉ፣ «ሕፃን ሆነህ ግራ ዓይንህ ወደ አፍንጫህ ይሸሽ ነበር፤ ጠበል ወስጄህ ተመለሰልኝ» ይሏቸው እንደነበር ትዝ አላቸው። መልኩ ተመልሶ ነበር። ማየቱ እንዳልተመለሰ የጠየቀ የለም።

እንጀራ አልጎደለባቸውም። ዜማው በቃላቸው ነው፤ ማኅሌቱን ይመራሉ፤ ደብሩም መሬታቸውን አልነካባቸውም። የጎደለው ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ ጉልበታቸው ላይ ሲያርፍ የቀኝ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት አንድ የሌለ ነገር ይይዛሉ። አስካለማርያም ይህን ስታይ ወደ ጓዳ ትገባለች።

የምታጽናናቸው ልጃቸው ወለተሐና ነበረች። አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ፊደል አስጠኗት፤ በገበታ ሳይሆን በቃል፣ እሳቸው ሲሉ እሷ እየተቀበለች፣ እንደ ዜማ። ሀ ሁ ሂ ብላ ጀምራ እስከ መጨረሻው ትወርደዋለች፤ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ እንኳ የአባቷ ነው። እንቅልፍ ሲመጣባት ግራ ዓይኗ ትንሽ ወደ ውስጥ ይሄዳል። እናቷ፣ «ማሽኮርመሟ ነው፤ ገና ከአሁኑ!» ትላለች። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው ያዞራሉ። ልጅቷ በእጃቸው ርቀት ላይ ሆና ፊቷ አይለይላቸውም፤ ዓይኗ ይሽሽ አይሽሽ በራሳቸው ማየት አይችሉም። ሌላ ሰው ደግሞ ለመጠየቅ ይፈራሉ።

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት እዚያው አጠገብ ጎረቤላ ትምህርት ቤት የተመደበች ዘርፈሽዋል የምትባል ልጅ መጣች። ቀጭን ናት፤ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ስለሚል ሴቶቹ፣ «እስቲ ጎላ አድርጊው የኔ እናት፣ ከጉሮሮሽ አውጪው» ይሏታል። ከጤና ጣቢያው ድሬሰር ከአቶ ታመነ ጋር ሆና ትምህርት ቤት ለመግባት ያልደረሱ ልጆችን ዓይንና ጆሮ ልትመረምር አሰበች። ከደብረ ብርሃን የተላከላት የዓይን መመርመሪያ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ነበር። ይህማ ለአንኮበር ልጅ ምን ያደርጋል ብላ የራሷን ሠራች። ካርቶን ላይ በጥቁር ቀለም የእኛኑ ፊደል ጻፈች፤ ከላይ መዳፍ የሚያህል፣ እየወረደ ሲሄድ እያነሰ፣ ከታች የስንዴ ቅንጣት የሚያህል። የካህናት ልጆች ፊደል ገና በሕፃንነታቸው እንደሚጀምሩ ሰምታለች።

ምርመራው ታኅሣሥ ውስጥ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ሆነ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተሰለፉ። እማማ ባፈና ልጅም የልጅ ልጅም ሳይዙ ከፊት ቆሙ።

«እኔንስ አታዪኝም? መርፌ ማስገባት ካቃተኝ ቆየሁ» አሉ።

«እማማ፣ ይኼ ለትምህርት ላልደረሱት ነው» አለች ዘርፈሽዋል።

«እኔስ መቼ ደረስኩ!»

ሳቁ አጥር ዘለለ። አለቃ ገብረጻድቅ እንኳ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳቁ።

ዘርፈሽዋል ልጆቹን አንድ በአንድ አቀረበች። ከኋላ ቆማ በሹክሹክታ ስማቸውን ትጠራለች፤ ሲዞሩ ጆሯቸው ደኅና ነው። ከዚያ አንድ ዓይን በመዳፏ ትሸፍንና በቀጭን ዘንግ ፊደሉን ከላይ ጀምራ ታሳያለች። የመጀመሪያው ልጅ እስከ ታች ወረደው። ሁለተኛዋም። ሦስተኛውም። አቶ ታመነ፣ «የአንኮበር አየር ለዓይን ሳይስማማ አይቀርም» አሉ።

የወለተሐና ተራ ሲደርስ መሪጌታ ሰው ገፋ አድርገው ቀረቡ። ዘርፈሽዋል የልጅቷን ቀኝ ዓይን ሸፈነችና ዘንጉን ከላይኛው ፊደል ላይ አደረገች። ወለተሐና ጉሮሮዋን እንደ ትልቅ ሰው ጠረገች፤ ከዚያ ሀ ሁ ሂ ሃ እያለች እስከ ታችኛው መስመር ወረደችው። ስታበቃ እንደ ካህን እጇን ልታሳልም ለአለቃ ዘረጋች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

መሪጌታ ተነፈሱ። ልጃቸው ያን ዓይን ይዛ አልተወለደችም ማለት ነው። አጠገባቸው የቆመውን ሰው ማን እንደሆነ ሳይለዩ ክንዱን ያዝ አድርገው፣ «ተመስገን» አሉት።

ወዲያው ከቆላ የሚወጣው ነፋስ መጣ። ካርቶኑ ከተሰቀለበት ወደቀ። ዘርፈሽዋል አንስታ ሰቀለችውና ፊቷን ወደሚቀጥለው ልጅ አዞረች፤ ዓይኑን ሸፈነች፤ በዘንጉ ከላይ ጀመረች። ልጁም ጀመረ፤ ሀ ሁ ሂ ሃ።

«ኧረ በማርያም!» ብለው እማማ ባፈና ጮኹ። «ገበታው በአናቱ ቆሟል እኮ!»

እውነትም ተዘቅዝቆ ነበር። የስንዴ ቅንጣት የሚያህሉት ፊደሎች ከላይ፣ ትልልቆቹ ከታች ሆነው፣ ሁሉም እግራቸው ወደ ሰማይ። ልጁ ግን ሳይደናቀፍ መስመሩን ጨርሶ ሁለተኛውን ይዟል።

«የእኛ ልጅ እንዲህ ነው! ተዘቅዝቆም ያነባል!» አሉ አለቃ ገብረጻድቅ፤ ሳቁ ከበፊቱ ባሰ። ዘርፈሽዋልም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ። ዘንጉን እንደያዘች ካርቶኑን አየች፤ ልጆቹን አየች።

«አቶ ታመነ» አለች ዝቅ ብላ፤ «አላዩትም። አንዳቸውም ገበታውን አላዩትም። በቃላቸው ነው የሚሉት።»

«እንዴት?»

«ዘንጌ በተራ ስለሚሄድ። እኔ ነኝ በተራ የጻፍኩት።»

ወለተሐናን መልሳ ጠራቻት። ካርቶኑን አቃንታ ሰቀለች፤ ነጠላዋን አውልቃ ላዩንና ታቹን ሸፈነችና መሐል ላይ የምትታይ አንዲት ፊደል ብቻ አስቀረች። የልጅቷን ቀኝ ዓይን ያዘች።

«ይቺስ ማን ናት?»

ወለተሐና አንገቷን ወደ ጎን አዘነበለች፤ በዘርፈሽዋል ጣቶች መሐል አሾልካ ልታይ ሞከረች።

«በዚህኛው ዓይንሽ የኔ ቆንጆ። ምን ይታይሻል?»

«ጉም ነው» አለች ወለተሐና።

መሪጌታ ያንን ቃል ለማንም ነግረው አያውቁም። ለሚስታቸውም እንኳ «አይታየኝም» ነው ያሉት። ልጅቷ ቃሉን ከእሳቸው አልወሰደችውም። በራሷ ዓይን አግኝታዋለች።

ዘርፈሽዋል የሁሉንም ምርመራ እንደገና አደረገች፤ ፊደሎቹን ለየብቻ ቆርጣ፣ አበላልጣ፣ ያለ ተራ እያሳየች። ፊደል ላላወቁት ሕፃናት የድስትና የዶሮ ሥዕል ሠራች። በመጀመሪያው እሑድ ደኅና ተብለው ከሄዱት ውስጥ ከወለተሐና ሌላ አንድ ልጅም አንድ ዓይኑ ደካማ ሆኖ ተገኘ። የሱ አባት ግን፣ «በአንዱ ካየ ምን ጎደለው?» ብሎ ልጁን ይዞ ሄደ። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ወደ ጠፋው ዓይናቸው አነሱና መልሰው አወረዱት።

ጥር ሲገባ መሪጌታ ልጃቸውን በበቅሎ ላይ ከፊታቸው አስቀምጠው ደብረ ብርሃን ሄዱ። የዓይን ሐኪም ከአዲስ አበባ የሚመጣበት ቀን ነበር። ወጣት ነው፤ እጁ ከብርዱ የተነሳ ቀልቷል። ልጅቷን በመብራት አየና ወደ አባቷ ዞረ። ግራ ዓይናቸውንም አየ። ረጅም ጊዜ አየው።

«ዓይኑ በሽታ የለበትም» አላቸው። «ማየት አልተማረም። አንዱ ዓይን ሲያይ ሌላው እንዲያርፍ ተተወ፤ እንዳረፈ ቀረ። ማየት የሚለመደው በልጅነት ነው።»

«ቅኔ ቤት ሳይገባ እንዳረጀ ሰው በሉኛ።»

«እንደሱ ነው። የእርስዎ ጊዜው አልፏል። የእሷ አላለፈም ብዬ አስባለሁ። የሚያየውን ዓይኗን ሸፍኑት፤ ሰነፉ ይሥራ።»

ያን ያህል ብቻ ነበር። ጥጥና ፕላስተር ሰጥቶ ሸኛቸው።

አስካለማርያም ፕላስተሩን ስታይ አበደች።

«የሚያየውን ዓይን ደፍኖ የማያየውን ክፈት ማለት ምን ዓይነት መድኃኒት ነው? ልጄን በገዛ እጄ ላሳውራት? ጎረቤትስ ምን ይላል? ነገ ማን ያገባታል?» ፊቷን ወደ ዘርፈሽዋል መለሰች፤ መምህርቷ ያን ዕለት ከአቶ ታመነ ጋር ልትጠይቃቸው መጥታ ከደጃፉ አጠገብ መደብ ላይ ተቀምጣለች። «አንቺ ልጅ ባትመጪ ኖሮ ልጄ ደኅና ነበረች።»

ዘርፈሽዋል አንገቷን ደፋች። «ደኅና የምትመስል ነበረች እትዬ አስካለ» አለች፤ እንደተለመደው ድምፅዋ አልወጣም።

መሪጌታ በትራቸውን መሬት ላይ አደረጉና፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እርግጠኛ ነሽ?» አሏት።

አቶ ታመነ ሊናገሩ ሲሉ ዘርፈሽዋል እጇን አንስታ አስቆመቻቸው።

«አይደለሁም» አለች። «ሐኪሞች በሌላ አገር አይተናል ይላሉ። በልጅነታቸው የተሸፈነላቸው ልጆች ዓይናቸው በረታ ይላሉ። ግን ሳይሸፈንላቸው በራሳቸው የሚበረቱም ይኖሩ ይሆናል። ተመርምረው የተሸፈነላቸውንና ያልተሸፈነላቸውን ልጆች ጎን ለጎን አድርጎ፣ እስኪያድጉ ጠብቆ ያየ ሰው ብዙ የለም። በእኛ አገር ደግሞ እስካሁን ያየ ሰው አላውቅም።»

«እኔም የምላት ይኸንኑ ነው» አሉ አቶ ታመነ። «በሽታን ቀድሞ ማግኘት አንድ ነገር ነው መሪጌታ። ቀድሞ በመገኘቱ ልጁ መዳኑ ሌላ ነገር ነው። እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን እንደያዝን እናወራለን። አንዳንዴ እናትን አስደንግጠን ብቻ እንሄዳለን።»

«ይኸው እኔ ደንግጫለሁ!» አለች አስካለማርያም።

መሪጌታ ጣታቸውን ወደ ግራ ዓይናቸው አነሱ።

«ያልተሸፈነለት እኔ ነኝ» አሉ። «የፈለግሽው አንደኛው ወገን ይኸው ፊትሽ ተቀምጧል። እስኪያድግም ተጠብቋል።»

«አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም መሪጌታ» አለች ዘርፈሽዋል፤ ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ይህን ነው ያስተማሩኝ።»

«ለእናንተ አይሆንም። ለእኔ ግን ሌላ የለኝም።»

ወለተሐናን ጠርተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧት። ፕላስተሩን ለአስካለማርያም ዘረጉላት። እሳቸው ቦታውን አስተካክለው ማድረግ አይችሉም። አስካለማርያም ቆማ አየቻቸው፤ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ወረወረች፤ ተንበረከከችና ልጇን ዓይኗ ላይ ሳመቻት። ከዚያ ሸፈነችው።

ልጅቷ አለቀሰች፤ እናቷም፣ «እስከ ፋሲካ ነው፤ መጀመሪያ ያማል፤ ከዚያ አያምም» አለቻት። ከደጃፉ ስትወጣ ወደቀች። ድንጋዩ ጥላ መሰላት፤ ዶሮዋ ድንጋይ መሰለቻት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግንባሯ ላይ እብጠት አልጠፋም። ጎረቤት መጥቶ፣ «ፈንጣጣ ነው እንዴ?» ይላል። እማማ ባፈና ግን በትራቸውን ሰጧት፤ «ይኸው የእኔ ጓደኛ ሆንሽ፤ እንግዲህ ማን ቀድሞ ይወድቅ እናያለን» ብለው። ለጥምቀት አስካለማርያም ፕላስተሩን ላጠችው፤ ልጇ አምሮባት ታቦት እንድትሸኝ። መሪጌታ አወቁ። አልከለከሏትም።

የሚገርመው ያ ወቅት ለመሪጌታ ከሁሉ የተሻለ ጊዜ መሆኑ ነው። ይህን ለማንም መናገር አልቻሉም፤ ለራሳቸውም ነውር መስሎ ታያቸው። ከአደጋው ወዲህ ዓለም ለእሳቸው ብቻ ደብዝዛ ነበር። አሁን ግን ማለዳ ማለዳ ከልጃቸው ጋር አፋፉ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም በግራ ዓይናቸው ያያሉ።

«አባባ፣ ያ ጥቁሩ ምንድን ነው?»

«ለእኔም ጥቁር ነው። ዛፍ ይሆን?»

«ይንቀሳቀሳል።»

«እንግዲያው ላም ነው። ወይም አለቃ ገብረጻድቅ ናቸው።»

ልጅቷ ትንከተከታለች። መሪጌታም እንደዚያ ከሳቁ ቆይተዋል። የሚያዩትን የሚያይ ሰው አግኝተዋል። ግን ደግሞ ማታ ሲጸልዩ የሚለምኑት ይቺው ልጅ ከዚህ ጉም ወጥታ እንድትሄድ ነው። አንዱን እየወደዱ ሌላውን ይለምናሉ።

ፋሲካ አለፈ፤ ፕላስተሩ ግን አልተነሳም። አንድ ቀን ልጅቷ ድንጋዩን እየዘለለች ቁልቁል ስትሮጥ ሰሟት። ኮቴዋ አልተደናቀፈም።

«ነይ እስቲ» አሏት። «ዛሬ እንዴት ጎበዝሽ? በየት በኩል ነው የምታዪው?»

«በዓይኔ።»

«በየትኛው ዓይንሽ?»

ጣታቸውን ሰደድ አድርገው ፕላስተሩን ዳበሱት፤ በአፍንጫዋ በኩል ተልጦ ቀዳዳ ወጥቶለታል።

«ቀጣፊ!» አሉ። ልጅቷ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። ግን እንግዲህ በርትታ ይሁን ሰርቃ በምን ይታወቃል? አስካለማርያም ፕላስተሩን አጥብቃ ለጠፈች፤ ከዚያ ወዲህ ልጅቷ በቀስታ መሄድ ጀመረች። ያ ደግሞ ይባስ አስፈራቸው።

ሰኔ ሲገባ የዘርፈሽዋል ዓመት አለቀ። ልትሰናበት መጣች። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር ነጠላዋ ረጥቧል፤ አስካለማርያም የራሷን ደረቁን አልብሳ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠቻት። ከተቆጣቻት ወዲህ እንዲህ ስታደርግላት የመጀመሪያዋ ነው።

«ልመርምራት ብዬ ነበር» አለች ዘርፈሽዋል። «ግን በምን? ካርዶቼን ሁሉ እያየቻቸው ለምዳቸዋለች። የዶሮዋንም የድስቱንም ተራ ታውቀዋለች። ብትመልስ እንኳ አይታ ይሁን በቃሏ ይሁን አላውቅም። ሳላውቅ መሄዴ ነው።»

መሪጌታ ከተቀመጡበት ተነሱ። ወደ ግድግዳው ሄዱና እጃቸውን አንስተው ማኅደሩን ዳብሰው አገኙት። አስካለማርያም የያዘችውን አስቀመጠች። ፋሻው ከተፈታበት ቀን ወዲህ መሪጌታ አልነኩትም። ማንገቻውን ፈተው ጥራዙን አወጡ፤ ብራናው ሲገለጥ የሚሰማውን ድምፅ ሲሰሙ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የመጀመሪያውን ገጽ በጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

«ወለተሐና፣ ነይ። እናትሽ ፕላስተሩን ትየው፤ ደኅና ተለጥፏል?»

«ተለጥፏል» አለች አስካለማርያም በጣቷ ዙሪያውን ፈትሻ።

«እዚህ ላይ ምን ይታይሻል? ፊደሉን አትንገሪኝ። ፊደሉን ተዪው።»

ልጅቷ አጎነበሰች። አፍንጫዋ ብራናውን ሊነካ ደረሰ። ውጭ ጉሙ አጥሩን አልፎ እደጃፉ ድረስ መጥቷል። ዘርፈሽዋል ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ጥቁር ጥቁር ነው» አለች ልጅቷ። «ረድፍ ረድፍ ነው።»

«እሺ።»

«ከዚያ...» ጣቷን አስኬደች። «እዚህ ጋ የለም።»

«ምን የለም?»

«ጥቁሩ የለም። ባዶ ነው። ረስተኸው ነው?»

መሪጌታ ሌባ ጣታቸውን ዘረጉላት። «የት ጋ? ጣቴን ውሰጂልኝ።»

ትንሿ እጅ የአባቷን ሌባ ጣት ይዛ ወሰደች፤ ሦስተኛው መስመር መሐል ላይ አሳረፈችው። «እዚህ። ደግሞ እዚህ ታች ሌላ አለ። ይኼ ትንሽ ነው፤ ያኛው ረዘም ይላል።»

ገጹን በልባቸው ያውቁታል። ሦስት ክረምት ሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተውት ሲያነቡት ኖረዋል። በሦስተኛው መስመር መሐል የእመቤታችን ስም ይገባል። ታች በሰባተኛው የገብርኤል ስም ነው፤ ያኔ ቦታውን አጥብበውት በኋላ ላይ ቆጭቷቸው ነበር። ይህን ለልጅቷ ያስጠናት ማንም የለም። ስለዚህ መጽሐፍ በዚህ ቤት አይወራም። ባዶ ቦታ ደግሞ በዜማ አይጠናም።

«አይታዋለች» አሉ።

ዘርፈሽዋል ፊቷን በአስካለማርያም ነጠላ ሸፈነች። አስካለማርያም ልትስቅ ብላ አለቀሰች።

«አባባ፣ አንተስ አይታይህም?» አለች ልጅቷ። «ይኸው እኮ፤ እዚህ።»

መሪጌታ ወደ ገጹ አጎነበሱ። ጉሙ እንዳለ ነበር። የልጃቸው ጣት እንኳ ከብራናው አልተለየላቸውም።

«የለም» አሉ። «ወደኔ ገና አልገለጠም።»

ወለተሐና ጥቂት አሰበች። ከዚያ ማንም ሳይከለክላት ጥፍሯን ከፕላስተሩ ሥር ሰድዳ ላጠችው። ጥጡ ተንጠልጥሎ ወጣ። ጉልበታቸው ላይ ቆመችና በሁለት እጇ የአባቷን ፊት ያዘች፤ ፕላስተሩን በጠፋው በቀኝ ዓይናቸው ላይ አድርጋ በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው፤ እናቷ እንደምታደርግላት።

«እስከ ፋሲካ ነው» አለቻቸው። «መጀመሪያ ያማል። ከዚያ አያምም።»

አስካለማርያም ልታነሳላቸው እጇን ስትዘረጋ መሪጌታ እጇን ያዙት።

ዘርፈሽዋል ስትሰናበት እስከ አጥሩ ሸኟት። ፕላስተሩ እንዳለ ነበር፤ አንዱ ጫፉ በጢማቸው ላይ ለቋል። መንገዱ ላይ ያገኟቸው ሰዎች ምን እንደሆነ ቢጠይቋቸው፣ «ልጄ ናት ሐኪሜ» አሉ። ተመልሰው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ብራናውን አልከደኑትም። ልጅቷ ጣታቸውን ያሳረፈችበትን ቦታ ፈልገው፣ ያገኙት መሰላቸውና፣ እጃቸውን እዚያው ላይ አድርገው ቀኑ እስኪመሽ ተቀመጡ።